የበሬው ነው ያልነው ደም

ሶዶ ከተማ ውስጥ ሥጋ ቤት ያለው ሰው «አሞኛል» አይልም። ካለ ወሬው ወዲያው መናኸሪያ ይደርሳል፤ በማግስቱም ግማሹ ደንበኛ «ሥጋው ይሆናል ያሳመመው» ብሎ ወደ ጎረቤቱ ሥጋ ቤት ያቀናል። ስለዚህ እኔ ማርቆስ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ቢላ ይዤ ያደግሁ ሥጋ ሻጭ፣ ድካሙ ሲጀምረኝ ትንፍሽ አላልኩም። አሁን ግን እጽፈዋለሁ። ዝም ማለቴ ሊገድለኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ደግሞም እኔ የተሳሳትኩትን ስህተት የሚሳሳተው እንደ እኔ ጥሬ ሥጋ በዳጣ እየበላ ያደገ ሰው ነው። አይዞህ አንባቢዬ፣ ሥጋህን ልነጥቅህ አይደለም። እኔ ራሴ እስከ ዛሬ እሸጣለሁ።

መጀመሪያ የከዳኝ ጉልበቴ ነው። ከቄራ የመጣ የበሬ ታፋ ከመኪና ተቀብዬ መስቀያው ላይ ማንጠልጠል ለእኔ ሥራ እንኳ አይባልም ነበር። አንድ ጠዋት ግን ታፋውን እንደ ተሸከምኩ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ልቤ ይደልቃል፣ ጆሮዬ ይጮኻል። ዕድሜ ነው አልኩ። ቀጥሎ ከእምብርቴ በስተቀኝ ዝቅ ብሎ የሚመጣና የሚሄድ ሕመም ጀመረኝ። ነፋስ ነው አልኩ። የደንበኞቻችንን ዓይን የሚያስለቅሰውን ዳጣ የምታዘጋጀው ባለቤቴ ታደለች ግን ሰው ስትታዘብ ዝም አትልም። ሱሪህን በእጅህ ይዘህ መሄድ ጀመርክ፣ ቀበቶ ልግዛልህ ወይስ ሐኪም ቤት ልውሰድህ አለችኝ። ቀበቶ ግዢ አልኳት።

እኛ ዘንድ ጥሬ ሥጋ ለሚበላ ሰው የመክሳት ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ኮሶ ነው። አንጀት ውስጥ የሚኖር ትል ነው፣ ከሥጋ ይመጣል፣ መድኃኒት ይጠጣለታል፣ ይወጣል፣ አለቀ። እኔም ከፋርማሲ ገዝቼ ዋጥኩ። ምንም አልወጣም። እምቢተኛ ኮሶ ነው ብዬ የሐበሻውን መድኃኒት ጠጣሁበት። ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት ዋልኩ እንጂ አሁንም ትል የሚባል ነገር የለም። እዚህ ላይ ነው መጠየቅ የጀመርኩት። እኔ ጠያቂ ሰው ነኝ። ሬዲዮ ሲበላሽ ወደ ሠሪው ከመውሰዴ በፊት ፈትቼ አየዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም አብሼው ነው የምወስደው። ኮሶ ከሌለ ሥጋዬን ማን ነው የሚበላው?

ክሊኒክ ሄድኩ። ጧት ከገባሁበት ወረፋ ከሰዓት በኋላ ነው የደረሰኝ። አጠገቤ የነበሩት እናት ሕመማቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነግረውኝ የእኔንም ሊሰሙ ሲዘጋጁ ስሜ ተጠራና አመለጥኩ። ደም ወሰዱ፣ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ መድኃኒት ተሰጠኝ። ጨርሼው አልተሻለኝም። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለኝ፤ ዳጣውን ተው ተባልኩ። ታደለች ይህን ስትሰማ ተቀየመች፤ በእሷ ዳጣ ተመርዞ የሞተ ሰው እንደሌለ ለሐኪሙ እንድነግርላት ፈለገች።

ሦስተኛው ቦታ ላይ የነበረው የጤና መኮንን ግን ጠንቃቃ ልጅ ነበር። ሰገራዬን ሲያስመረምር ዓይን የማያየውን ደም የሚፈልግ ምርመራ ጨመረበት። ውጤቱን ይዞ ሲመጣ ፊቱ ኮስተር ብሏል። ሰገራህ ውስጥ ደም አለ አለኝ። እኔ ደግሞ ደም የማውቅ ሰው ነኝ። ሥራዬ ነው። ሰገራዬን በየቀኑ አያለሁ፣ ቀይም ጥቁርም የለበትም አልኩት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። ስንት ጥሬ ሥጋ እንደምበላ ታውቃለህ ወይ አልኩት፤ ትናንት ማታ እንኳ ከጎድን እየቆረጥኩ ስበላ ነው ያመሸሁት።

«እንግዲያው የበሬው ነዋ!» አለ።

«የበሬው ነው እንጂ» አልኩ።

ተሳስቀን ተለያየን። እውነቱን ለመናገር ልጁ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ያ ዓይነቱ ምርመራ የበሬን ደምና የሰውን ደም አይለይም። የቀረው ሥጋውን ለጥቂት ቀናት አስትቶ እንደገና መመርመር ነበር። እሱም አላዘዘም፣ እኔም መልሱ ስለጣመኝ አልጠየቅሁም። ያን ቀን የወጣሁበት በር ወራት አስከፈለኝ።

ጊፋታ ደረሰ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ሲመጣ ሥጋ ሻጭ እንቅልፍ የለውም። ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ሲያጠራቅም የቆየ ሰው ሁሉ በሬ ይገዛል፤ የሚያርድለት፣ የሚበልትለት፣ የየሰዉን ድርሻ እኩል የሚመድብለት ሰው ይፈልጋል። ታናሽ ወንድሜ ጳውሎስ ገሱባ ከተማ አስተማሪ ነው፤ በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ሊያግዘኝ ይመጣል። የዚያን ዓመት መጥቶ ሲያየኝ ደነገጠ። መዳፌን ገልብጦ አየና ወረቀት መስሏል አለ። በሦስተኛው በሬ ላይ ቢላው ከእጄ ወደቀ፤ እኔም ተከተልኩት። ስነቃ ባጃጅ ውስጥ ነኝ፤ ጳውሎስ ጭንቅላቴን ይዞ ይጸልያል፣ ሾፌሩ ደግሞ ይኸ ሰውዬ ያ ሥጋ ሻጩ አይደለም ወይ ይላል። ምስጢሬ በዚያ አለቀ።

ሆስፒታል ደም ሰጡኝ። ከተሰጡኝ ከረጢቶች አንዱን በራሱ ደም የተካልኝ ጳውሎስ ነው። በማግስቱ ዶክተር ሰላማዊት የምትባል ወጣት ሐኪም አልጋዬ ጫፍ ቆማ ካርዱን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግማ ካርዱን አየች።

«አቶ ማርቆስ፣ ሥራዎ ሥጋ መሸጥ ነው አይደል? በየቀኑ ሥጋ የሚበላ ሰው ደም እንዴት ያንሰዋል?»

እግዜር ይስጣት፣ ጥያቄ ይሉሃል ይህ ነው! እኔ እንዴት አልጠየቅሁትም? የሚገባው ካልጎደለ የሚወጣበት አለ ማለት ነው አለችኝ። ስለ ሰገራው ምርመራ ስነግራት፣ ስለ በሬውም ስነግራት አልሳቀችም። ከሆስፒታል ሲወጡ ሥጋ ለጥቂት ቀናት ይተዉ፣ ደግመን እናያለን፤ ያኔ ደም ከተገኘ የማን እንደሆነ እናውቃለን አለች።

በጊፋታ! ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ በሚጠብቅበት በዓል እኔ ከሥጋ ቤቴ ጀርባ መጋረጃ ስር ተደብቄ ጎደሬ በጎመን በላሁ። ደንበኛ እንዳያየኝ ታደለች በር ላይ ትቆማለች፤ አንዱ መጋረጃውን ገልጦ አገኘኝና ቤተ ክርስቲያን የተለየ ጾም አወጀች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እየሳቅሁ ሸኘሁት። ውስጤ ግን አልሳቀም። ሥጋው ሲቀር ደሙም እንዲቀር ነበር የምጸልየው፤ የበሬው እንዲሆን።

ሲመረመር ደሙ አለ። የእኔ ነበር። ያን ሰዓት የተሰማኝን በትክክል ልናገር፤ ፈራሁ። 

ሪፈር ተጻፈልኝና ከጳውሎስ ጋር ሐዋሳ ሄድን። ምርመራው ኮሎኖስኮፒ ይባላል። ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ከታች አስገብተው ትልቁን አንጀት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዩታል። ሰው የሚያፍርበት እሱ ነው፤ እኔም አፍሬያለሁ። ከባዱ ግን ቱቦው አይደለም፣ በዋዜማው የሚጠጣው አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት ነው። ከእሱ ጋር ሲወዳደር ያ የሐበሻ ኮሶ መድኃኒት ለስላሳ መጠጥ ነበር።

የሚያደነዝዝ መርፌ ሲሰጡኝ ብዙ አታስተኙኝ፣ ማየት እፈልጋለሁ አልኩ። ሐኪሙ ሳቀና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ስንት በሬ ከፍቻለሁ፤ የበሬ አንጀት ሁልጊዜ የማየው ሞቶ ነው፣ የራሴን ግን በሕይወት እያለ አየሁት፤ ሮዝ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ይንቀሳቀሳል። ትልቁ አንጀት የበሬ እንደሚሆነው ተጠቅልሎ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚቀመጥ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ አይደለም አለኝ። የሰው ከቀኝ ታች ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጨጓራ ስር ያቋርጣል፣ በግራ በኩል ይወርዳል፤ ሆድን እንደ በር መቃን ዞሮት ነው የሚኖረው። የዕድሜ ልክ ሙያዬ ነው እያልኩ አንዱን እንኳ አላውቅም ነበር። ስጠይቀው ይመልስልኛል፣ ሲመልስልኝ እጠይቃለሁ፤ ነርሷ እንዲህ የሚያወራ ታካሚ አጋጥሟት እንደማያውቅ ተናገረች።

መጨረሻው ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ቱቦው ቆመ። ከግድግዳው የወጣ፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ እየደማ ያለ እብጠት ስክሪኑን ሞላው።   ቄራ ውስጥ የሥጋ ተቆጣጣሪው እንዲህ ያለ ነገር ቢያገኝ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ይጥለዋል፣ ከሌላውም አይደባለቅም። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቅሁም።

ከእብጠቱ ቆንጥረው ወስደው ላኩት። ውጤቱ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሆኖ መጣ። ዶክተር ሰላማዊት ስትነግረኝ ታደለች አጠገቤ ነበረች። ደሙን ለምን እንዳላየሁት ጠየቅሁ፤ ሌላ ጥያቄ አልመጣልኝም። በቀኝ በኩል ሰገራው ገና ውኃ ነው አለች፤ የሚንጠባጠበው ደም ይደባለቅና ረጅም መንገድ ተጉዞ ሲወጣ ዓይን አይለየውም፤ በግራ በኩል ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያዩት ነበር።  ቤት ስንገባ ታደለች እስከ ዛሬ የማልረሳውን ተናገረችኝ።

«ለደንበኛ ብለህ ደበቅህ እሺ። እኔ ደንበኛህ ነኝ?»

 አብረን አለቀስን።

ከዚያ ቤተሰቡ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ሃላሌ ከተማ የምትኖረው አክስታችን እብጠት የሚያሟሟ ቅጠል የሚያውቅ ሰው አግኝቻለሁ ብላ መልእክት ላከች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጸለዩ፤ ጸሎታቸው አጽናንቶኛል፣ ቀዶ ሕክምና ተው ያለኝም ከመካከላቸው የለም። የከበደኝ ጳውሎስ ነው። ካንሰር ቢላ ከነካው ይሰራጫል፣ ገሱባ አንድ ሰው ተቀዶ ወር አልቆየም እያለ ይለምነኛል። ሐዋሳ ድረስ የወሰደኝ፣ ደሙን የሰጠኝ ወንድሜ ነው፤ ክፋት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። እኔ ደግሞ ቢላ አልፈራም፤ የምፈራው በሽታው ቢላው የሚደርስበትን ቦታ አልፎ እንደሆነ ነው። በሽታው ከአንጀቱ ወጥቶ ከሄደ ገና ያልደረሱ ልጆቼን አላሳድግም። ሌሊት ሌሊት የማስበው ይህንኑ ብቻ ነበር፤ ወጥቷል ወይስ አልወጣም?

እኔና ጳውሎስ ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርገው ሐኪም ዘንድ ገባንና የእሱን ጥያቄ እኔ ጠየቅሁለት። ሐኪሙ አልተቆጣም። ወር ያልቆዩት ሰው ሲመጡ በሽታው ቀድሞ ተሰራጭቶ ሊሆን ይችላል፤ ቢላው አላሰራጨውም፣ ሲከፈት ታየ እንጂ አለ። ከዚያ ሥራውን በወረቀት ላይ ሣለልኝ። የቀኙን ትልቅ አንጀት ከነእብጠቱ፣ ግራና ቀኝ ጤነኛ ክፍል ጨምሮ ያወጣል፤ ከእሱ ጋር የተያያዘውን ስብና በውስጡ ያሉትን ንፍፊት የሚባሉ ትናንሽ እጢዎችም አብሮ ያነሳል። ከዚያ ትንሹን አንጀት ከቀረው ትልቁ አንጀት ጋር ይሰፋዋል። ንፍፊቶቹ ለምን አልኩ። በሽታው ሲወጣ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ እነሱ ተመርምረው ንጹሕ ከሆኑ አልወጣም ብለን ተስፋ እናደርጋለን አለ። ሰገራ ሆዴ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ይወጣ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። አንዳንድ ሰው ያስፈልገዋል፣ ለብዙዎቹም ለጊዜው ነው፤ ላንተ ግን የሚያስፈልግ አይመስለኝም አለኝ። ስንወጣ ጳውሎስ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ከዚያ በኋላ ስለ ቢላ አላነሳም።

ስለ ቀዶ ሕክምናው የምነግራችሁ የለኝም፤ ተኝቼ ነበር፤ ያናድደኛል። የነቃሁት ሆዴ ላይ እሳት የተቀመጠ መስሎኝ ነው። የማስታገሻ መርፌ የሚባለውን ነገር የፈጠረውን ሰው ባገኝ ታፋ እሸልመዋለሁ። ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ቤተሰቤን ሁሉ ያሳፈረ ነገር ነው። አንጀቱ ከተሰፋ በኋላ ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው ፈስ ሲወጣ ነው፤ እሱን ነው የሚጠብቁት። ሐኪሙ ጧት ይመጣል፣ «ጋዝ ወጣ?» ይላል። ነርሷ ትመጣለች፣ ያንኑ ትጠይቃለች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት አስታማሚዎችም ሰምተው መጠየቅ ጀመሩ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሊጠይቁኝ መጥተው፣ መዝሙር ተዘምሮ፣ የመጨረሻው ጸሎት ላይ «አሜን» ሊባል ሲል አንጀቴ ተናገረ። ታደለች በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ከጎኔ ካለው አልጋ ላይ የተኙት፣ ከአረካ ከተማ የመጡ አባት ግን እጃቸውን ዘርግተው እልል አሉ፤ ሽማግሌዎቹም ነገሩ ሲገባቸው አብረው አመሰገኑ። የራሳቸው ሕመም ሳያንሳቸው ለእኔ የተደሰቱትን እኚያን ሰው አልረሳቸውም።

የተቆረጠውን ማየት እፈልጋለሁ ብዬ ነበርና ሐኪሙ በስልኩ ያነሳውን አሳየኝ። ጳውሎስ ዞር አለ፣ እኔ አፍጥጬ አየሁት። ይህ ነው እንግዲህ ኮሶ ያልኩት፣ ዕድሜ ያልኩት፣ የበሬ ደም ያልኩት። ንዴትም ሐዘንም አንድ ላይ መጣብኝ።

የንፍፊቶቹ ውጤት እስኪመጣ ሳምንታት ጠበቅን። ሥጋ ቤቱን ታደለች ይዛዋለች። ደንበኛው ቀርቷል ብዬ ስብሰለሰል እሷ እየሳቀች ትገባለች፤ ሕመሜን የሰማ ሁሉ እኔን ለመጠየቅ ብሎ ይመጣና ሥጋ ገዝቶ ይመለሳል። ለካ ስንት ጊዜ በከንቱ ነው የደበቅሁት! ሥጋው ይሆን ወይ ያመጣብኝ ብዬ ዶክተር ሰላማዊትን ጠይቄያታለሁ። አንድ ምክንያት ብቻ የለውም አለች፤ ቀይ ሥጋ ማብዛት ዕድሉን ከፍ ያደርጋል፣ ዕድሜም፣ ዘርም አለበት፤ ይቀንሱ፣ ጎመንና ጥራጥሬ ያብዙ። ስለ ዘር ስታነሳ አባቴ በምን እንደሞተ ጠየቀችኝ። ኮሶ ነው የገደለው አልኳት። ከሳ፣ ነጣ፣ ሆዱ ተነፋ፣ መድኃኒት ጠጣ፣ ሞተ። ይህን እየተናገርኩ ራሴን ሰማሁት። ሐኪሟ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፣ ግን ምን ዓይነት ኮሶ ነው እንዲህ የሚያደርገው አለችኝ። የአንድ አባትና እናት ልጆች ምንም ሳያማቸው ቀድመው ቢታዩ ጥሩ ነው ብላ አጠገቤ የተቀመጠውን ጳውሎስን አየችው።

ውጤቱ ሲመጣ ንፍፊቶቹ ንጹሕ ነበሩ። አልወጣም። ታደለች ኮሪደሩ ላይ ተንበረከከች። እኔ ደግሞ ስንት ንፍፊት እንደተመረመረ ጠየቅሁ፤ በቂ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ በቂ ነው ሲሉኝ ነው ያለቀስኩት። ቀጠሮዬን ጠብቄ ደሜን እንድመረመር፣ በዓመቱም ኮሎኖስኮፒውን እንድደግም ተነገረኝ።

ያ ዓመት ሁሉ ያለፈው ከጳውሎስ ጋር በመጨቃጨቅ ነው። እኔ ደህና ነኝ ይላል። አስተማሪ ሆኜ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኜ፣ በዚያ በኩል ቱቦ አላስገባም ይላል። መጨረሻ ላይ የእኔ ቀጠሮ ሲደርስ ለአጃቢነት ብዬ ወሰድኩት፤ መንገድ ላይ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ደም አይቼ አላውቅም» አለኝ ሐዋሳ ልንገባ ስንል።

«እኔስ መቼ አየሁ?»

 ያን ማታ ያንን የሚያጥብ መድኃኒት ከእኔ ጋር እየተንገሸገሸ ጠጣ።

የእኔ ንጹሕ ነበር። እሱ ሲገባ አብሬው እንድሆን ፈቀዱልኝ። ስክሪኑ ላይ ያ ሮዝ መንገድ ተከፈተ፣ ቱቦው ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። ግድግዳው ላይ ሽምብራ የምታህል አንዲት ሥጋ በቅላለች። ፖሊፕ ትባላለች አለ ሐኪሙ። ገና ካንሰር አትመስልምና አይዞአችሁ፤ ዓመታት ብትቆይ ግን ልትሆን ትችላለች። በቱቦው ውስጥ ቀጭን ሽቦ አሳልፎ አንገቷን አነቀና ቆረጣት። ጠብታ ደም እንኳ አልታየም።

«ጨረሳችሁ? ይኸው ነው?» አለ ጳውሎስ፤ ምንም አልተሰማውም ነበር።

ይኸው ነው አልኩት።  ሐኪሙ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ያደረጋትን እያየሁ ቆምኩ። የእኔም አንድ ጊዜ ይህችን ታህል ነበረች።